በር ላይ የነበረችው በርጩማ

ባለፈው ሳምንት፣ ኮሌጅ በገባሁ በወሩ ገደማ፣ የኮምፒውተር ክበብ አዳዲስ ተማሪዎችን ይቀበላል የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ አይቼ ሄድኩ። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። «እንኳን ደህና መጣሽ፤ ግቢ፣ ከፊት ቦታ አለ» አለችኝ። አባባሏ ጥሩ ነው፤ ፈገግታዋም ጥሩ ነው። ብቻ ፈገግታው ብዙ ጊዜ እንደታጠበ የሸሚዝ ኮሌታ ጠርዙ ላልቷል። ገብቼ መቀመጥ ሲገባኝ እዚያው በሩ ላይ ፈዝዤ ቆምኩ። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ ፊቴ ላይ ነበር።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስለ ድሮ ነገር ልጽፍ ነው ስላት ሳቀችብኝ። ገና አስራ ዘጠኝ ዓመትሽ፣ ምን ድሮ አለሽ አለችኝ። አለኝ። የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ የደከመኝን ድካም እግሬ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ሬዲዮ ነው። እናቴ መርካቶ ውስጥ የቅመም መደብ አላት። እዚያ፣ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጆንያ መሀል፣ ጠዋት ከፍታው ማታ የምትዘጋው ቀይ ሬዲዮ ነበራት። ሬዲዮው ከቅመሙ ጋር ከመኖሩ ብዛት እሱም ቅመም ቅመም ይሸታል። ያን ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ድምፁ ጠፋ። አንድ ጠጋኝ ጋ ወስዳው ኖሮ ጣይው አላት። እናቴ ደግሞ የምትጥለው ነገር የላትም፤ አምጥታ አልጋ ስር ከተተችው።

ሰፈራችን አማኑኤል ነው። ጎረቤታችን ታዲዮስ አብነት አካባቢ ስልክ ይጠግን ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የባሰ ፈጣን የሆነ ልጅ ነው። ሬዲዮውን ከአልጋ ስር አውጥቼ ሳገላብጠው አይቶ፣ እሁድ ጠዋት ይዘሽው ነይ፣ ስብሰባ አለን አለኝ። በዚያ ጊዜ ስብሰባ የሚባል ቃል የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀውን እኔም ጠየቅኩት፤ የወረዳ ነው? «ኧረ የሬዲዮና የስልክ ነው» አለኝ።

እሁድ መርካቶን ያላየ ሰው መርካቶን በግማሽ ነው የሚያውቃት። በአዘቦት ቀን ትከሻ የሚያጋፋው መንገድ ባዶ ይሆናል፤ ጭቃው ላይ ካርቶንና የተበጠሰ ገመድ ተነጥፎ ይቀራል። ምን አለሽ ተራ እንኳን ዝም ይላል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ዕረፍት የማይወድ አንድ ሰው ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ከሩቅ ይሰማል። ስብሰባው የሚደረገው ከዚያ ጀርባ ባለ ፎቅ ላይ፣ የጋሼ ሙሰማ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጋሼ ሙሰማ በወጣትነታቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ በኋላ መለዋወጫ ነጋዴ ሆኑ። ግን እጃቸው ነጋዴ መሆንን አልተቀበለም። እሁድ እሁድ ካርቶኖቹን ወደ ግድግዳ ይገፉና ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ከየቦታው ጠጋኞች ይመጣሉ። እያንዳንዱ በሳምንቱ ውስጥ አልሠራ ብሎ ያሸነፈውን ዕቃ ይዞ ነው የሚመጣው። የሠራውን ይዞ የሚመጣ የለም። ያቃተውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ሁሉም በላዩ ላይ ይደፋበታል።

የመጀመሪያ ቀን ጋሼ ሙሰማ ሬዲዮዬን ፈትተው ሆዱን አዩት። አንድ ማንኪያ የሚሆን የቅመም ዱቄት ከውስጡ ወጣ። አስነጠሳቸው። ከዚያ መልሰው ገጥመው፣ ይሄን የምትሠሪው አንቺ ነሽ፣ ጠረጴዛው ጋ ስትደርሺ አሉኝና መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ጠረጴዛው ጋ መቼ እንደምደርስ ስጠይቅ ታዲዮስ ወደ በሩ ጠቆመኝ። በሩ አጠገብ አንዲት በርጩማ አለች።

ልማዳቸው እንዲህ ነው። መጨረሻ የመጣ ሰው በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን እንግዳ ይቀበላል። ደረጃው ጨለማ ስለሆነ ወርዶ ያመጣዋል፤ ወንበር ይፈልግለታል፤ ሻይ ይቀዳለታል፤ ማን ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚደረግ ይነግረዋል። እንግዳው በሁለተኛው እሁድ ተመልሶ ከመጣ አባል ነው፤ በርጩማዋን ይረከባል፤ የቀድሞው ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል። ይህን ሥራ ለምን ለአዲስ ሰው እንደሚሰጡ ጋሼ ሙሰማን ጠይቄያቸው ነበር። «ግራ መጋባቱ ገና ያልለቀቀው ሰው ነው እንግዳ የሚገባው። እኛ ረስተነዋል» አሉኝ።

በጣም ቆንጆ ልማድ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለው። ሁለተኛ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ጠፋ።

መጀመሪያ የመጡት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ምንኛ እንደተደሰትኩ! ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወርጄ አመጣኋቸው። ሳቁ፣ ፓስቲ በሉ፣ ስልካቸው ተጸዳላቸው፣ አመስግነው ወጡ። ሬዲዮዬን ከመደርደሪያ ላይ በዓይኔ እያየሁ የሚቀጥለውን እሁድ ጠበቅኩ። አልመጡም። ቀጥሎ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ መጣ፤ አልተመለሰም። ነጭ ጫማ ያደረገ ተማሪ መጣ፤ ጫማውን በጭቃው ውስጥ እየመራሁ አሻገርኩት፤ እሱም አልተመለሰም። የሚመጣ ሰው አለመቋረጡ ነው የባሰው። ማንም ባይመጣ ተስፋ ቆርጬ ቁጭ እል ነበር። በየእሁዱ ግን አንድ ሁለት ሰው ይመጣል፤ በየእሁዱ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ፤ እንኳን ደህና መጡ፣ የወረዳ አይደለም፣ ክፍያ የለውም፣ እሳቸው ጋሼ ሙሰማ ናቸው፣ እሱ ታዲዮስ ነው ብዙ ያወራል አይስሙት እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰውን ያስቁ የነበሩት ቃላት እየቆዩ ሲሄዱ ከአፌ እንደ ታክሲ ረዳት ጥሪ መውጣት ጀመሩ።

ክረምቱም አላዘነልኝም። በሩ ክፍት መሆን አለበት፤ ነፋሱ ከደረጃው ሽቅብ ይመጣል፤ ጣሪያው የሚያፈሰው እኔ የተቀመጥኩበት ጋ ነው። ጠረጴዛው ላይ መብራት በርቶ፣ የመበየጃው ጭስ እየተጥመለመለ፣ «ተው ተው እሱን አትንካው» «ያዝልኝ እስኪ» ሲባባሉ እሰማለሁ። አንድ አስገራሚ ነገር ሲገኝ ሁሉም አንድ ላይ «አሃ!» ይላሉ። እኔ ያንን «አሃ» በጀርባቸው በኩል ነው የምሰማው። ልይ ብዬ ስነሳ ደግሞ ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማል። ጋሼ ሙሰማ የተጠበሰ በቆሎ ሲያስገዙ ለእኔ ትልቁን ይሰጡኝ ነበር። በቆሎውን እየፈለፈልኩ ሬዲዮዬን አያለሁ፤ ሬዲዮዬም ያየኛል።

እናቴ እሁዴን ለመደብ ሥራ ትፈልገዋለች፤ ቅመም የሚለቀመውና የሚነፋው እሁድ ነው። ክረምቱን ብቻ ፈቀደችልኝ። ነሐሴ ሲጋመስ፣ በጭቃ ቦክቶ የመጣ ቀሚሴን እያየች አስጠነቀቀችኝ። «ትምህርት ሲከፈት እሁድሽ የእኔ ነው። እስከዚያ ያ ሬዲዮ አንድ ቃል ከተናገረ ትቀጥያለሽ፤ ካልተናገረ በር ጠባቂነቱን ለሌላ ይስጡት።» ሬዲዮው የሚናገረው እኔ ጠረጴዛው ጋ ከደረስኩ ነው። ጠረጴዛው ጋ የምደርሰው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሁለተኛ ከመጣ ነው።

ታዲዮስ ሬዲዮውን በድብቅ ልሥራልሽ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ኩራት አልነበረም። ያን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት ሌላ ሰው «አሃ» ሲል ልሰማ አልነበረም።

ከዚያ ጃንጥላውን የረሳው ልጅ መጣ። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ዝምተኛ፣ ከኮተቤ ድረስ ተሻግሮ የመጣ ልጅ ነው። ሲገባ እንደ ልማዱ ታዲዮስ ስልኩን ከእጁ ተቀበለው፤ ከመቀመጡ በፊት ክዳኑ ተነስቶ፣ ባትሪው ወጥቶ፣ ብሎኖቹ በሻይ ማስቀመጫ ላይ ተደርድረው ነበር። ለእንግዳ የሚደረገው ይሄ ነው። ለአባል እጁን ይዘው ያሳዩታል እንጂ አይሠሩለትም፤ የእንግዳ ስልክ ግን ተፈትቶ፣ በብሩሽ ተጠርጎ፣ ተወልውሎ ይሰጠዋል። እየተቀባበሉ ያጸዱታል፤ ማን የበለጠ አሳምሮ እንደሚያጸዳ ይፎካከራሉ። ልጁ ቆሞ ያያል። ሲመልሱለት አመሰገነና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ጃንጥላውን ይዤ ተከተልኩት። ከፎቁ ስር፣ የተዘጋ ሱቅ ታዛ ላይ ተጠግቶ ስልኩን ከፍቶ ባትሪውን ወደ ብርሃን ያገላብጣል። ምን ሆነሃል አልኩት።

«ምንም» አለኝ፤ ቆይቶ ግን «ይሄ ባትሪ የኔው ይመስልሻል?» ብሎ አሳየኝ።

ያንተ ነው፣ ያጸዱልህ ነው እኮ አልኩት።

«አጽዱልኝ አልኩ? ወንድሜ ዓረብ አገር ለፍቶ የላከልኝ... ማለቴ እህቴ፤ እህቴ ናት የላከችልኝ» አለ፤ ከመናደዱ የተነሳ አፉ ተሳስሮ። «ስሜን ሳይጠይቁ ነው ስልኬን የፈቱት። ስንት ሰው ተቀባበለው። ማን ምን እንዳወጣበት በምን አውቃለሁ?»

ጃንጥላውን ተቀብሎኝ በዝናቡ ሄደ። እኔ ታዛው ስር ቀረሁ። መርካቶ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል? እናቴ ስልኳን ለጠጋኝ ስትሰጥ ዓይኗን ሳትነቅል አናቱ ላይ ቆማ ነው የምታሠራው። ዕቃዬን ቀየረብኝ የሚል ለቅሶ በየሳምንቱ እንሰማለን። እነዚህ ሰዎች ደግሞ፣ በዓለም ላይ ከማንም በላይ ስለ ጠጋኝ የሚወራውን የሚያውቁት ሰዎች፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያከብሩት ስልኩን በመንጠቅ ነበር። እኔ ያላየሁት ለምን እንደሆነም ገባኝ። እኔ የመጣሁት የሞተ ሬዲዮ ይዤ ነው። የሚወሰድብኝ ነገር አልነበረኝም።

ላይ ወጥቼ ነገርኳቸው። በሩ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ የተናገርኩት የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር። ታዲዮስ ጆሮው ቀላ። ሌባ ተብለናል በይኛ አለ፤ በነጻ ተሠርቶለት፣ ከኪሳችን ብሩሽ ገዝተን፤ ታዲያ እንግዳ መጥቶ እጄን አጣጥፌ ልየው? ሌሎቹም አጉረመረሙ። ጋሼ ሙሰማ ሻያቸውን ፉት አሉ።

«እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ እግሩን እናጥበዋለን» አሉ። «የኛ እግር ማጠብ ይሄ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጡት። «ጫማውን ግን እንግዳው ራሱ ነው የሚያወልቀው።»

ትምህርት ሊከፈት ሁለት እሁድ ሲቀረው እትዬ ዘነበች መጡ። አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የስልክ መሸፈኛና ካርድ ይሸጣሉ፤ ደንበኛ ስልኬ ተበላሸ ሲላቸው ወደ ሌላ መምራት ሰልችቷቸው ነው። ደረጃው ላይ ቆመው ሴት ይገባል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔስ ስላቸው፣ አንቺማ ልጅ ነሽ አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው። እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ስለነበር እኔ ልያዛቸው እሳቸው ይያዙኝ አይታወቅም ነበር። የወረዳ አይደለም፣ ክፍያ የለውም የሚለውንም ግማሹን ዋጥኩት።

ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ጉያቸው ውስጥ ይዘዋል። ገብተው ሲቀመጡ አውጥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። የሁሉም ዓይን መሐረቧ ላይ ነው። አንዱ ጣቱን ያፍተለትላል፤ አንዱ ካቻቢቴውን አንስቶ መልሶ ያስቀምጠዋል። ታዲዮስ ሁለት እጁን መቀመጫው ስር ከቶ ተቀመጠበት።

ጋሼ ሙሰማ የራሳቸውን ስልክ ከኪሳቸው አወጡና በጠረጴዛው ላይ ወደ እትዬ ዘነበች ገፉት። ካቻቢቴውን አስከትለው ላኩት።

«ይፍቱት» አሏቸው።

«የማንን? የእርስዎን?»

«የእኔን።»

«ባበላሸውስ?»

«ጠጋኝ ሞልቷል።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለስ አደረጉና ጀመሩ። ምላሳቸውን ነክሰዋል። አንደኛዋ ብሎን ወጣች፣ ሌላዋ ወጣች፣ ቀጣይዋ ግን ተፈናጥራ ከጠረጴዛው ወርዳ ጠፋች። እሷን ብሎን ለመፈለግ ያ ሁሉ ጎልማሳ መሬት ላይ ተንበረከከ። በስልክ መብራት ካርቶን ስር፣ ጫማ ስር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውስጥ ፈለጉ። ከላይ እትዬ ዘነበች የሰው ዕቃ አጠፋሁ፣ ምን ጉድ ነው እያሉ ይዞራሉ። ጋሼ ሙሰማ ጠረጴዛው ስር ሆነው መለሱላቸው። «ምንም አይደል፤ አሁን እኛን መሰሉ።» እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ በኋላ ግን አልሸፈኑትም። ብሎኗ በታዲዮስ ሱሪ እጥፋት ውስጥ ተገኘች።

ሲወጡ መሐረባቸው እንደተጠቀለለ ነበር። ማንም አልነካውም። ደረጃውን አወረድኳቸውና ሳምንት ይመጣሉ ልላቸው አስቤ ተውኩት። ለስንቱ ብዬው ነበር።

የመጨረሻው እሁድ ጠዋት ዝናብ አልነበረም። ደረጃውን የወጣሁት ቀስ ብዬ፣ ሬዲዮውን ይዤ ልመለስ ተዘጋጅቼ ነው። ሳልሠራው ይዤው እገባለሁ፤ እናቴ ምንም አትልም፤ እሁዴም የቅመም ይሆናል። ደጃፉ ላይ ስደርስ እትዬ ዘነበች በርጩማዋ ላይ ተቀምጠዋል። ጣሪያው የሚያፈስበትን አይተው ኖሮ ከበታቹ ጣሳ አስቀምጠውበታል። ወንበሬ ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

«መጨረሻ የመጣ ሰው ነው አሉ እዚህ የሚቀመጠው» አሉኝ። «ግቢ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ነፋስ ታስገቢያለሽ።»

ገባሁ። ጠረጴዛው ጋ ቦታ ተለቆልኝ ነበር። ሬዲዮዬ ከመደርደሪያው ወርዶ ከፊቴ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ካቻቢቴ። መብራቱ ሞቃት ነው። ያን ሁሉ እሁድ ከጀርባ የሰማሁት ጫጫታ አሁን በሁለቱም ጎኔ ሆነ። ኮቴ ተሰማ፤ ልነሳ ስል እትዬ ዘነበች ቀድመውኝ «እንኳን ደህና መጡ፣ ይጠንቀቁ ደረጃው ጨለማ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ቁጭ አልኩ። መነሳት እንደሌለብኝ ሰውነቴ ሲያውቅ ጊዜ የክረምቱ ድካም ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ዓረፈ። ጭንቅላቴን ለአንድ አፍታ ብዬ ክንዴ ላይ አሳረፍኩ።

ስነቃ ጸጥ ብሏል። የመጀመሪያው ሐሳቤ ሬዲዮዬ ነበር። ቀና ስል ታዲዮስና ጋሼ ሙሰማ፣ ከበሩ ደግሞ እትዬ ዘነበች፣ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ሌሎቹ ሄደዋል። ሬዲዮው እንደነበረ ነው፤ ብሎኖቹ በቦታቸው፣ ካቻቢቴው እንኳን አልተንቀሳቀሰም። ያ ሁሉ እጅ፣ አንድ ዕቃ ሳይፈታ መቀመጥ የማይችል እጅ፣ በዙሪያው ውሎ አልነካውም። እናቴ የሰጠችኝ ቀን ሊያልቅ ነው። ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም፣ ለምን ዝም ብላችሁ አልሠራችሁትም ብዬ ልቆጣ ምንም አልቀረኝም።

«አልጠየቅሽንም» አለ ታዲዮስ። በሕይወቱ የተናገረው አጭሩ ነገር ይመስለኛል።

ስለዚህ ጠየቅኳቸው።

ብሎኖቹን ራሴ ፈታሁ። ጋሼ ሙሰማ እጃቸውን አልዘረጉም፤ ብሩሹን ሰጡኝ፣ ሽቦውን ከየት እስከ የት እንደምከተለው ነገሩኝ፣ ያ ብቻ። ከድምጽ ማጉያው የተላቀቀች አንዲት ሽቦ አገኘሁ፤ ዝጋለች፣ የኮረሪማ ዱቄት ተጋግሮባታል። ያን ጊዜ አፌን ሞልቼ «አሃ!» አልኩ። በየድኳት፤ አበያየዴ አስቀያሚ ነበር፤ ማንም አላቃናውም። ባትሪ ሲገባበት ሬዲዮው ረጅም የሽሽሽ ድምፅ አሰማ። ጣቢያ የለም፣ ቃል የለም፣ ሽ... ብቻ። ከዚያ በላይ አልሄደም፤ መሽቶም ነበር። እንደዚያው ሽ እያለ በብብቴ ይዤው አማኑኤል ድረስ ሄድኩ።

እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። አንድ ቃል ብላ ነበር ያዘዘችው፤ ልትከለክለኝ ትችላለች። ቀሚሴን አየች፤ ፊቴን አየች። «ጭራሽ ከመሞት ይሻላል። ጉሮሮውን እየጠረገ ነው» አለች። «በሚቀጥለው እሁድ ያናግሩት።»

ከስንት እሁድ በኋላ ተናገረ፤ ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ የኮሌጅ በር ላይ ፈዝዤ የቆምኩት ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው። ልጅቷ ቦታ የጠፋኝ መስሏት ወንበር ልታመጣልኝ ዞረች። ከጀርባዋ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ሰዎች አንድ ስክሪን ላይ ተደፍተው ይሟገታሉ፤ እሷ ደግሞ በየመሀሉ ዓይኗ ወደዚያ ይሄዳል፤ ኮቴ ሲሰማ ትመለሳለች። ክበቡ የእኛ ዓይነት ልማድ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ከመቼ ጀምረሽ ነው እዚህ የምትቆሚው አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። እኔ ልቁምልሽ፣ ትንሽ ግቢና እዪ ማለት አምሮኝ ነበር፤ ቦታዋን በግድ ልነጥቃት ደግሞ አልፈለግኩም። ስለዚህ ስሟን ጠየቅኳት፤ ቀጥዬም ሳምንት ስመጣ ማን በሩ ላይ እንደሚቆም ጠየቅኳት።

«ትመለሻለሽ?» አለችኝ።

እመለሳለሁ አልኳት። ቀኑ ነገ ነው።